ሞተሩ ሚስ ሲያደርግ፦ ዕቃ ከመግዛት በፊት ጥፋቱን ማግኘት

«ካንዴላ ቀየርን፣ ኮይል ቀየርን፣ አሁንም ይቆራርጣል።» ይህን በሰማሁ ቁጥር ያንገበግበኛል። ጥፋቱ ሳይታወቅ ገንዘቡ አለቀ ማለት ነው። ሞተር ሚስ አደረገ የሚባለው አንዱ ሲሊንደር ውስጥ ቤንዚኑ በአግባቡ ሳይቃጠል ሲቀር ነው። ቤንዚኑን በእሳት ብልጭታ የሚያቀጣጥለው ካንዴላው ነው፣ ለብልጭታው ኤሌክትሪክ የሚሰጠው ደግሞ ኮይሉ። በየከተማው የሞላውን ባለ አራት ሲሊንደር ቶዮታ ያሪስ እንውሰድና አብረን እንፈልገው።

ዳሽቦርዱ ላይ ያለው የሞተር ምልክት መብራት ብልጭ ድርግም የሚል ከሆነ መኪናውን አቁሙ። ያልተቃጠለው ቤንዚን ጭስ መውጫው ውስጥ ሄዶ ይቃጠላል፣ ጭሱን የሚያጣራውን ካታላይዘርም ያቀልጠዋል። እሱ ደግሞ ከካንዴላ ጋር በዋጋ አይገናኝም።

መብራቱ ዝም ብሎ የበራ ከሆነ የመኪናው ኮምፒውተር የመዘገበውን የጥፋት ኮድ አስነብቡ። የማንበቢያው ሶኬት ከመሪው ስር ነው። ከስልክ ጋር በብሉቱዝ የሚሠራ ትንሽ ማንበቢያም ይበቃል። ፒ0301 አንደኛውን ሲሊንደር፣ ፒ0302 ሁለተኛውን ይጠቁማል። ቆጠራው ከቺንጋው በኩል ይጀምራል። ፒ0300 ከሆነ ግን ጥፋቱ አንድ ቦታ አልረጋም። ኮዱን ከማጥፋታችሁ በፊት አብሮት የተመዘገበውን ጻፉ፦ የሞተሩ ሙቀት፣ ዙሩ፣ የመኪናው ፍጥነት። እባካችሁ ይህን አትዝለሉ። አልገኝ ያለ ጥፋት የሚያዘው ከዚህ ነው።

አንድ ሲሊንደር ከተጠቆመ ሞተሩ ይቀዝቅዝ። ኮይሉን በ10 ቁልፍ ፍቱና ከጎረቤቱ ጋር አቀያይሩት። ኮዱን አጥፍታችሁ ንዱ። ኮዱ ኮይሉን ተከትሎ ከሄደ ጥፋተኛው ተገኘ። እዚያው ከቀረ ካንዴላውን እንዲሁ አቀያይሩ። ቤንዚን የሚረጨውን ኢንጀክተር ለመካኒክ ተዉት፤ የነዳጅ ግፊት አለበት። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ንኩ። ሁለቱን አብራችሁ ካነሳችሁ የትኛው እንደነበር አታውቁም።

ብዙ ሰው የሚያሳስተው ጠዋት ብቻ የሚመጣው ነው። ሲነሳ ይንቀጠቀጣል፣ ከደቂቃ በኋላ ምንም እንዳልነበረ ይሆናል። የራዲያተሩ ውሃስ ቀስ በቀስ ይቀንሳል? እንግዲያው የቴስታታውን ጓርኒሲዮን (በሞተሩ ራስና በብሎኩ መካከል ያለውን ማሸጊያ) ጠርጥሩ። መኪናው ቆሞ ሲያድር ውሃ ወደ ሲሊንደሩ ይሾልካል። ካንዴላዎቹን ፈትታችሁ ጎን ለጎን ደርድሩ። ሦስቱ ቡናማ ሆነው አንዱ ታጥቦ የወጣ ከመሰለ ውሃ እየገባ ነው። ለማረጋገጥ ማታ የራዲያተሩን ሲስተም በግፊት መሞከሪያ አስሞልታችሁ አሳድሩት፣ ጠዋት በካንዴላው ቀዳዳ አብርታችሁ እዩ። ሞተሩ ትኩስ ሳለ ግን ክዳኑን እንዳትከፍቱ፤ ያቃጥላል።

ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳይሰጡት ቆሞ ሲሠራ) ተንቀጥቅጦ ነዳጅ ሲሰጡት የሚስተካከል ከሆነ አየር እየሳበ ይሆናል። ማንበቢያው ላይ ፊውል ትሪም የሚለውን እዩ፤ ኮምፒውተሩ ምን ያህል ቤንዚን እንደጨመረ ወይም እንደቀነሰ ያሳያል። ሚኒሞ ላይ ከ10 በመቶ በላይ ሆኖ በ2500 ዙር ወደ ዜሮ ከወረደ ሞተሩ ላይ የተሰነጠቀ የአየር ቱቦ ፈልጉ። ዳገት ላይ ብቻ የሚቆራርጥ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ ኮይሉንና ካንዴላውን ጠርጥሩ።

ይህ ሁሉ ካልያዘው ኮምፕሬሽን (ሲሊንደሩ አየሩን ሲጨምቅ የሚፈጥረውን ግፊት) አስለኩ። አንዱ ሲሊንደር ከሌሎቹ ዝቅ ካለ በካንዴላው ቀዳዳ ትንሽ ዘይት አስጨምራችሁ አስደግሙ። ልኬቱ ከፍ ካለ የፒስተኑ ፋሻ (ዙሪያውን የሚያሽገው ቀለበት) ነው፣ ካልተነቃነቀ ቫልቩ ወይም ጓርኒሲዮኑ።