ከጥሎ ማለፍ ሽንፈት በኋላ የአጥቂ መስመርን እንደገና ማዋቀር

በክረምቱ ውድድር ከጥሎ ማለፍ የተሰናበተ ቡድን ዘንድ መጀመሪያ የሚሰማው «አጥቂ የለንም» የሚል ነው። ደብረ ብርሃን፣ የመንዟ መሐል ሜዳ ከተማ፣ ሸዋ ሮቢት፣ አጣዬ፣ የትም ቢሆን ወሬው አንድ ነው፤ ዘጠኝ ቁጥሩ፣ ማለትም ዋናው አጥቂ፣ ይወቀስና በምትኩ ሌላ ልጅ ይፈለጋል። ብዙውን ጊዜ የተበላሸው ግን ልጁ ከጎኑ ካለው ጋር ያለው መግባባት ነው። የፊት መስመር በጥንድ ነው የሚሠራው፦ መጀመሪያ ሁለት የሚግባቡ ልጆች ይገኛሉ፣ ከዚያ ለእነሱ የሚስማማ ሦስተኛ ይፈለጋል።

ቡድኑ የወጣው በመለያ ምት ከሆነ የፊት መስመሩን አትንኩት። ዘጠና ደቂቃ እኩል ሆኖ የጨረሰን ቡድን በመለያ ምት ስለተሸነፈ መበተን ጉዳቱ ለሚቀጥለው ዓመትም ይተርፋል። የመለያ ምት ራሱን የቻለ ልምምድ ነው፤ በእሱ ላይ ሥሩ።

በመደበኛው ሰዓት ከተሸነፋችሁ ሥራው ከደብተር ይጀምራል። በስልክ የተቀረፀ ጨዋታ ካለ የመጨረሻዎቹን አራት እዩ፤ ከሌለ በቀጣዮቹ የወዳጅነት ጨዋታዎች አንድ ተቀያሪ ደብተር ይዞ ይቀመጥ። የሚቆጠረው አራት ነገር ነው፦ ኳስ ስንት ጊዜ ወደ ተጋጣሚ የመጨረሻ ሲሶ ሜዳ ገባ፣ ስንት ጊዜ 16.5 ሜትሩ ሳጥን ውስጥ ደረሰ፣ ስንት ሙከራ ተደረገ፣ ስንቱ ዒላማውን ጠበቀ። ኳስ ሳጥኑ ጋ ካልደረሰ ችግሩ ያለው አማካዮቹና የመስመር ተጫዋቾቹ ዘንድ ስለሆነ አጥቂ መቀየር አይፈታውም። ሳጥን ውስጥ ገብቶ ሙከራ ከሌለ ድጋፍ የሚሰጠው ሁለተኛ ሰው እየዘገየ ነው። ሙከራው በዝቶ ዒላማ ከጠፋ ደግሞ ያኔ ስለ አጨራረስ ማውራት ይቻላል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ይያዝ፦ በትልልቆቹ የአውሮፓ ሊጎች እንኳ በአማካይ አንድ ጎል የሚገኘው ከአሥር ገደማ ሙከራ ነው። በዚህ ስሌት 15 ሞክሮ ባዶ እጅን መውጣት ከአምስት ጨዋታ በአንዱ ሊያጋጥም የሚችል ነገር ነው። በአንድ እንዲህ ያለ ቀን አጥቂ አይባረርም።

ቀጥሎ ማን እንደሚቀር ይጣራ። በክረምት የተጫወተው ተማሪ ዩኒቨርሲቲ ሲጠራ ይሄዳል፤ የገበሬው ልጅ በኅዳርና በታኅሣሥ አጨዳና ውቂያ አለበት፤ ደብረ ብርሃን ፋብሪካ የሚሠራው በፈረቃ ነው። ጥንድ ስትመርጡ ፈረቃቸው የሚገጥም ልጆችን አስቀድሙ። አንዱ ጠዋት፣ ሌላው ማታ ልምምድ የሚመጣ ከሆነ የቱንም ያህል ጎበዝ ቢሆኑ አይግባቡም።

ለጥንዱ ጠባይ መሠረቱ ይኼ ነው፦ አንዱ ወደ ኳስ የሚመጣ፣ ሌላው ከተከላካይ ጀርባ የሚሮጥ መሆን አለበት። ሁለቱም ወደ ኳስ ከመጡ ተከላካዮቹ ያለ ስጋት ወደ ላይ ይወጡና ሜዳው ይጠባል። ሁለቱም ከሮጡ በእነሱና በአማካዩ መካከል ሠላሳ ሜትር ባዶ ይቀራል፤ ቡድኑም ሳይወድ በግድ ረጅም ኳስ ይለጋል። በመካከላቸው ከ10 እስከ 15 ሜትር ርቀት ይጠበቅ። ሦስተኛው ሰው የሚመረጠው ጥንዱ የጎደለውን አይቶ ነው። ሁለቱም አጭርና ፈጣን ከሆኑ በአየር ላይ ኳስ የማይሸነፍ፣ አንዱ ኳስ ይዞ የሚዘገይ ከሆነ ዘግይቶ ወደ ፍፁም ቅጣት ምቱ ነጥብ የሚደርስ ልጅ ያስፈልጋል። ባለፈው ዓመት የሠራ አንድ ጥንድ ካለ፣ ቡድኑ ቢሸነፍም አትለያዩት። ሦስቱንም በአንድ ጊዜ መቀየር ትልቁ ስህተት ነው፤ ምክንያቱም ቀጥሎ ቢሻሻልም ቢበላሽም የትኛው ለውጥ እንዳመጣው አይታወቅም።

ልምምዱ ሁለት ለአንድ ይጀመር። 30 በ20 ሜትር ቦታ በኮን ይከለል፣ ሁለት አጥቂ አንድ ተከላካይ ይግቡ። እዚህ የሚበላሸው ሁሌም አንድ ቦታ ነው፦ ኳስ የያዘው ልጅ ገና ከሩቅ ያቀብላል፤ ተከላካዩም ሳይቸኩል ወደ ተቀባዩ ይዞራል። ኳስ የያዘው በቀጥታ ወደ ተከላካዩ ይንዳ፤ ሁለት ሦስት ሜትር ሲቀረውና ተከላካዩ እግሩን ሲያነሳ ያቀብል። ተቀባዩ ደግሞ ከተከላካዩ ጀርባ ተሸሽጎ አይቁም፤ ኳሱንና ጎሉን በአንድ ጊዜ እንዲያይ ጎኑን ከፍቶ፣ በራቀው እግሩ ይቀበል። ከጀርባ የሚሮጠው በቀጥታ ከሮጠ ከጨዋታ ውጪ ይሆናል፤ ስለዚህ መጀመሪያ ከተከላካዮቹ መስመር ጎን ለጎን ይሂድ፣ አቀባዩ ቀና ብሎ ሲያየው ወደ ጎል ይታጠፍ።

ይኼ ሲገባቸው ሦስት ለሁለት ይደረግ፤ ግማሽ ሜዳ ላይ፣ ከግብ ጠባቂ ጋር፣ ጥቃቱ በ8 ሰከንድ ውስጥ በሙከራ እንዲያልቅ። በአንድ ዙር ስድስት ጥቃት፣ በየመሃሉ የአንድ ደቂቃ ያህል እረፍት ይበቃል። ሰዓት መያዝ አይረሳ፤ ገደብ ከሌለው ልጆቹ ኳሱን እያንከባለሉ ሁለቱ ተከላካዮች አራት እስኪሆኑ ይጠብቃሉ።

ለአጨራረስ ሃያ ልጅ በአንድ ጎል ፊት ተሰልፎ ተራ የሚጠብቅበትን ልምምድ ተዉት። በሃያ ደቂቃ አንዱ ልጅ ከጥቂት ምቶች በላይ አያገኝም፣ ላቡም ይደርቃል። በሦስት ቦታ ክፈሏቸው፤ መረብ ባይኖር ሁለት ኮን 7.32 ሜትር አራርቆ መትከል ይበቃል። ከጎን የሚመታ ኳስ መሬት ለመሬት ወደ ሩቁ ቋሚ ይሂድ፤ ግብ ጠባቂው ቢመልሰው እንኳ ወደ ሳጥኑ መሃል ስለሚወጣ ሦስተኛው ሰው ያገኘዋል። ተሻጋሪ ኳስ ሲመጣ ሦስት ሩጫ ይኑር፦ አንድ ወደ ቅርቡ ቋሚ፣ አንድ ወደ ሩቁ፣ አንድ ወደ 11 ሜትሩ የፍፁም ቅጣት ምት ነጥብ። ሁለቱ ቅርቡ ቋሚ ላይ ሲጋጩ ካያችሁ ማን የት እንደሚሮጥ አልተነገራቸውም ማለት ነው።

የእኛ አካባቢ የራሱ ጣጣ አለው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,800 ሜትር በላይ ነው፣ ሸዋ ሮቢት ደግሞ 1,300 ሜትር ገደማ። ደጋው ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ረጅም ኳስ ይርቃል፣ ፋልሶ የተመታውም ብዙ አይታጠፍም። የደብረ ብርሃን መስመር ተጫዋች የጣርማ በርን ቁልቁለት ወደ ቆላ ወርዶ ሲጫወት የለመደው ተሻጋሪ ኳስ ያጥርበታል፤ ከቆላ የወጣው ደግሞ ከሩቁ ቋሚ አሳልፎ ይሰደዋል። ማሟሟቂያ ላይ አሻጋሪዎቹ እያንዳንዳቸው አሥራ አምስት ያህል ኳስ ይሞክሩ። ከቆላ የመጣ ቡድን ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምሮ በሦስቱ አጥቂዎች ጫና አይፍጠር፤ ሩጫውን ለአንድ ግልጽ ምልክት ይቆጥበው፣ ለምሳሌ ተጋጣሚ ኳስ ወደ ኋላ ሲመልስ። ኳሱም ይታይ፦ ከሰዓት በኋላ በሙቀት የተነፋ ኳስ በጠዋት ውርጭ ይላላል። ዝናብ የጠገበ መረሬ ሜዳ ላይ መሬት ለመሬት ቅብብል ስለሚቆም፣ አዲሱን ጥምረት በጭቃ ቀን ባሳየው አትፍረዱበት።

ከመስከረም ብትጀምሩ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ለጥንዶች ብቻ ይሁኑ፣ በሦስተኛውና በአራተኛው ሦስተኛው ሰው ይጨመር፣ ከዚያ ቢያንስ አራት የወዳጅነት ጨዋታ ሳይቀየሩ ይጫወቱ። በሁለተኛው ጨዋታ ላይ ደጋፊ መጮኹ አይቀርም፤ ታገሡ። ደብተሩ ሳጥን ውስጥ የገባው ኳስ እየጨመረ መሆኑን ካሳየ ጎል ባይኖርም መንገዱ ትክክል ነው። በአራቱም ካልጨመረ አንድ ሰው ብቻ ቀይሩ፣ እሱም ከጥንዱ ውጪ ያለውን።

ተቀያሪ ወንበር ላይ ሁለት አጥቂ ይኑር፤ አንዱ ወደ ኳስ የሚመጣ (ኳስ ያዥ)፣ አንዱ ከተከላካይ ጀርባ የሚሮጥ (ሯጭ)። በ70ኛው ደቂቃ ሯጩ ሲደክም ኳስ ያዡን አስገብታችሁ ሁለት ኳስ ያዥ ፊት ላይ ካስቀረችሁ የሳምንታቱ ሥራ በሃያ ደቂቃ ይፈርሳል። የሚወጣው ሯጭ ከሆነ የሚገባውም ሯጭ ይሁን፤ ሯጭ ከሌለ የመስመር አጥቂውን ወደ መሃል አምጥታችሁ ኳስ ያዡን በእሱ ቦታ አሰልፉት።