ጠቋሚው ያረፈበትን ፒክስል ወደ ግራፍ እሴት መለወጥ

ማትፕሎትሊብ (የፓይተን ግራፍ መሥሪያ ላይብረሪ) ላይ ማውስ ስትጫኑ ሁለት ዓይነት ቁጥር ይመጣል፤ ኤክስና ዋይ በፒክስል፣ ኤክስዳታና ዋይዳታ በግራፉ መለኪያ። ጠቋሚው ከግራፉ ክፈፍ ውጭ ከሆነ ኤክስዳታ ባዶ ነውና መጀመሪያ እሱን ፈትሹ።

ስሌቱን አንዴ በእጅ ሥሩት። ክፈፉ ከፒክስል 80 እስከ 720፣ አግድሙ ከ0 እስከ 100 ቢሆንና ጠቋሚው 240 ላይ ቢያርፍ፣ 240 ሲቀነስ 80፣ ለክፈፉ ስፋት ለ640 ሲካፈል 0.25፤ እሴቱ 25። ለሎግ (ሎጋሪዝም) መለኪያ ይህ አይሆንም፤ የትራንስዳታን (እሴትን ወደ ፒክስል የሚለውጠውን የማትፕሎትሊብ ስሌት) ግልባጭ፣ ማለትም ተገላቢጦሹን፣ ተጠቀሙ።

እኔን ቀኑን ሙሉ ያንከራተተኝ ግን ዋይ ነው። ማትፕሎትሊብ ዜሮን ከታች ይጀምራል፣ ብዙ የመስኮት መሣሪያዎች ከላይ። ነጥቤ ሁሉ ተዘቅዝቆ ይወጣ ነበር! ከመስኮቱ በቀጥታ የወሰዳችሁትን ዋይ ከሥዕሉ ቁመት ቀንሱት። ግልባጩንም አስቀምጣችሁ አትደጋግሙት፤ ዙም ሲደረግ ይሳሳታል።