የሰም ሙዚየም ከቤተሰብ ጋር ሲጎበኙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ዘመድ ለንደን ሲመጣ "ውሰዱኝ" ከሚላቸው ቦታዎች አንዱ የታዋቂ ሰዎች የሰም ምስል የሚታይበት ማዳም ቱሶ ሙዚየም ነው። ከቤከር ስትሪት የምድር ባቡር ጣቢያ ወጥተው ጥቂት እንደተራመዱ፣ ሜሪልቦን መንገድ ላይ ያገኙታል። ልጆቹ ዘፋኞቹንና ኳስ ተጫዋቾቹን፣ ትልልቆቹ ደግሞ መሪዎቹንና ነገሥታቱን ለማየት ይጓጓሉ። የትኬቱ ዋጋ ለአንድ ቤተሰብ ሲደመር ቀላል አይደለም። ያም ሆኖ ብዙ ቤተሰብ ይህን ሁሉ ከፍሎ፣ በሕዝብ ተጋፍቶ፣ ስልኩን በፎቶ ሞልቶ፣ ስላየው ነገር ሳይነጋገር ይወጣል።

ለእኔ የሰም ሙዚየም ዋጋው ከምስሉ ፊት ቆሞ በሚደረገው ጨዋታ ነው። ይህ ሰው ማነው? ምን ሠራ? እኛ አገር መጥቶ ያውቃል? እነዚህ ጥያቄዎች ከልጅ አፍ ሲወጡና አያት ሲመልሱላቸው የተከፈለው ገንዘብ ሁሉ ተገቢ ይሆናል። ከዚህ በታች የማነሳቸው ስህተቶች ይህን ጨዋታ የሚያስቀሩ ናቸው። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቦታው መኖሩንና የሚፈልጉት ምስል መኖሩን ሳያረጋግጡ መነሳት

ማዳም ቱሶ በብዙ ከተሞች ቅርንጫፍ አለው፤ ሁሉም ግን አንድ ዓይነት አይደሉም። በዋሽንግተን ዲሲ የነበረውና በአሜሪካ ፕሬዚዳንቶች ምስል የታወቀው ቅርንጫፍ በ2021 ተዘግቷል። ቀድሞ ያየው ሰው ሲያወራ ሰምቶ ከሜሪላንድ ወይም ከቨርጂኒያ ልጆቹን ጭኖ የሚሄድ ሰው የተዘጋ በር ይጠብቀዋል። በዚያው ዓመት ደግሞ በዱባይ ብሉዋተርስ ደሴት አዲስ ቅርንጫፍ ተከፍቷል፤ እዚያ የሚሠሩና በዚያ የሚያልፉ ወገኖቻችን ሩቅ መሄድ አያስፈልጋቸውም።

ምስሎቹም ቢሆኑ በአንድ ቦታ አይረጉም። አንዳንዱ ወደ ሌላ ከተማ ይዛወራል፣ አንዳንዱ ከእይታ ይነሳል፣ አዲስ ይመጣል። ልጅዎ "አቤል ተስፋዬን አያለሁ" ብሎ ሌሊቱን ሲገላበጥ ካደረ፣ ምስሉ እርስዎ በሚሄዱበት ቅርንጫፍ መኖር አለመኖሩን ከዋዜማው በሙዚየሙ ድረ ገጽ ይመልከቱ። ከሌለም ቤት ሳሉ ይንገሩት። እዚያ ደርሶ ማልቀሱ ለሁሉም ይከብዳል።

ትኬት በር ላይ መግዛት

በሩ ላይ የሚገዛ ትኬት አስቀድሞ በኢንተርኔት ከተገዛው ይወደዳል። የሚገቡበት ሰዓትም በትኬቱ ላይ የተወሰነ ስለሆነ ባሰቡት ሰዓት ቦታ ላያገኙ ይችላሉ። ከሙዚየሙ ከራሱ ድረ ገጽ ይግዙ፤ መንገድ ላይ "በቅናሽ" የሚሸጥልዎትን ሰው ይለፉት። ከተቻለም ጠዋት በሩ እንደተከፈተ ያለውን ሰዓት ይምረጡ። ቅዳሜ እኩለ ቀንና የትምህርት ቤት ዕረፍት ሳምንታት ከሁሉም የባሱ ናቸው። በዚያ ግፊያ ውስጥ አንድ ምስል ፊት ቆሞ ታሪክ ማውራት አይታሰብም።

ትንሽ ልጅ ሳያዘጋጁ ማስገባት

ይህ ከሁሉም በላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነው። የሦስትና የአራት ዓመት ልጅ እንደ ሰው የቆመ፣ እንደ ሰው የለበሰ፣ ግን ዓይኑን የማያርገበግብ ነገር ሲያይ መደንገጡ ተፈጥሯዊ ነው። ፈርቶ እናቱ ቀሚስ ውስጥ የተሸሸገን ልጅ "ና ፎቶ ተነሳ፣ ወንድ አይደለህ!" እያሉ ወደ ምስሉ የሚገፉ ወላጆችን ሳይ ያናድደኛል። ልጁ ምንም አላጠፋም። የሚያየው ነገር ሕያው ይሁን አይሁን የነገረው ሰው ስለሌለ ነው።

መድኃኒቱ ቤት ውስጥ አለ። ሳይሄዱ በፊት ምስሎቹ እንዴት እንደሚሠሩ ያጫውቱት። ሰሙን የሚያውቀው ከሆነ ደግሞ ይቀልላል፤ ቤተ ክርስቲያን የሚበራው ጧፍ ከንብ ሰም እንደሚሠራ፣ የነዚህም ምስሎች ፊት የንብ ሰም እንዳለበት ይንገሩት። ቀራጮቹ ሰውዬው ፈቃደኛ ከሆነ ከ200 በላይ ልኬቶችን ይወስዱበታል፤ ፎቶውንም ከየአቅጣጫው ያነሳሉ። ቀጥሎ ጭንቅላቱን በጭቃ ይቀርጹና በጀሶ ቅርጹን ይወስዳሉ፤ የቀለጠው ሰም የሚፈስሰው በዚያ ጀሶ ውስጥ ነው። ሰም ሲቀዘቅዝ ስለሚኮማተር ጭቃው ከእውነተኛው ሰው 2 ከመቶ ያህል ተልቆ ይሠራል። ፀጉሩ በመርፌ አንድ በአንድ ይተከላል፤ ይህ ብቻውን ሳምንታት ይፈጃል። ዓይኑ በእጅ ይቀባል፣ የዓይን ነጩ ላይ የሚታዩት ቀያይ የደም ሥሮች በቀጭን ክር ይሠራሉ። በልብሱ ሥር ያለው አካል ግን ሰም ሳይሆን ፋይበርግላስ ነው። አንድ ምስል ተሠርቶ እስኪያልቅ ወራት ይወስዳል።

ይህን የሰማ ልጅ ገብቶ የሚፈልገው ሌላ ነገር ነው። ፀጉሩ በእርግጥ አንድ በአንድ የተተከለ መሆኑን ለማየት ይጠጋል፣ የዓይኑን ቀይ ክር ይፈልጋል። ፍርሃቱ ወደ ምርመራ ይለወጣል። እንዲያም ሆኖ ከፈራ አያስገድዱት፤ ከሩቅ እያየ ይሂድ። ብዙዎቹ ልጆች ከጥቂት ክፍሎች በኋላ ራሳቸው ይጠጋሉ።

የአስፈሪው ክፍል ውስጥ ሳያስቡ መግባት

የለንደኑ ሙዚየም ወንጀለኞችንና የግድያ ትርዒቶችን የሚያሳይ ክፍል አለው። ለጥቂት ዓመታት ተዘግቶ ቆይቶ በ2022 እንደገና ተከፍቷል። ሕፃናት የያዘ ቤተሰብ ብዙ ሰው ወደሄደበት ሲከተል ሳያውቀው እዚያ ይገኛል። ከበሩ ላይ ያለውን ሠራተኛ "ልጆች ይዘናል፣ በየት እንለፍ?" ብለው ይጠይቁ። ታዳጊዎቹ መግባት ከፈለጉ አንዱ ወላጅ ከእነሱ ጋር ይግባ፣ ሌላው ከትንንሾቹ ጋር ይጠብቅ።

የመሥራቿን ታሪክ ዘሎ ማለፍ

የሚያሳዝነኝ ስህተት ይህ ነው። ሰዉ ወደ ዘፋኞቹ ሲሮጥ የቤቱን ባለቤት ሴትዮ ያልፋታል፤ እሷ ግን እዚያ ከቆሙት ብዙዎች የሚበልጥ ታሪክ አላት።

ማሪ ግሮሾልትዝ በ1761 በስትራስቡርግ ተወለደች። እናቷ ፊሊፕ ኩርቲዩስ ለሚባል ሐኪም የቤት ሠራተኛ ነበረች። ኩርቲዩስ ለሕክምና ማስተማሪያ የሰውነት ክፍሎችን በሰም ይሠራ ነበር፤ በኋላ ወደ ታዋቂ ሰዎች ምስል ዞረ። ለሠራተኛዋ ልጅ ለማሪ ሙያውን ያስተማራት እሱ ነው። የፈረንሳዩን ጸሐፊ ቮልቴርን በሰም ስትሠራ ገና ወጣት ነበረች። የፈረንሳይ አብዮት ሲመጣ ጊሎቲን በሚባለው አንገት መቁረጫ የተቀሉ ሰዎችን ፊት እየወሰደች በሰም እንድትቀርጽ ተደረገች። ኩርቲዩስ በ1794 ሲሞት ስብስቡን ለእሷ አወረሳት። በዓመቱ ፍራንስዋ ቱሶን አገባች፤ ሙዚየሙ እስከ ዛሬ የሚጠራበት ስም የባሏ ነው።

በ1802 ምስሎቿን ይዛ ወደ እንግሊዝ ተሻገረች። ከዚያ ከ30 ዓመት በላይ ከከተማ ከተማ እየተዘዋወረች ስታሳይ ኖረች። በ1835 ቤከር ስትሪት ላይ ቋሚ ቦታ ስታገኝ ዕድሜዋ ከ70 አልፎ ነበር። በ1842 የራሷን ምስል ሠራች፤ በ1850 አረፈች። ሙዚየሙ አሁን ወዳለበት ሕንጻ የተዛወረው በ1884 ሲሆን፣ በ1925 በእሳት፣ በ1940 ደግሞ በጀርመን የቦምብ ድብደባ ብዙ ንብረት ጠፍቶበታል።

ባዕድ አገር ገብታ በእጇ ሙያ ልጆቿን ያሳደገች የቤት ሠራተኛ ልጅ ናት። ይህን ታሪክ ስደትን ለሚያውቅ ቤተሰብ መንገር ብዙ ማብራሪያ አይጠይቅም። እናቴ ዓይነት ሴቶች፣ የዘፋኞቹ ስም ምንም የማይላቸው፣ ይህን ሲሰሙ "እሷስ የት አለች?" ብለው የሚፈልጓት ማሪን ነው።

ትልልቅ ሰዎችን ቦርሳ ጠባቂ ማድረግ

እማማን ወይም አባባን ይዘው ይገባሉ። ከዚያ ካፖርቱ፣ የሕፃኑ ቦርሳ፣ የውኃው ጠርሙስ እሳቸው እጅ ላይ ይከመርና "እዚህ ይቀመጡ፣ መጣን" ይባላል። እሳቸውም ልጆቹን ላለማስቸገር ብለው እሺ ይላሉ። እንዲህ አይደረግም። ከቤተሰቡ ሁሉ የበለጠ የሚያወሩት ነገር ያላቸው እሳቸው ናቸው።

ንግሥት ኤልሳቤጥ በ1965 የአፄ ኃይለ ሥላሴ እንግዳ ሆነው ኢትዮጵያ መጥተው ነበር። ያኔ አዲስ አበባ ልጅ ሆነው መንገድ ዳር ተሰልፈው ያዩ አያቶች ዛሬም በመካከላችን አሉ። ከንግሥቲቱ ምስል ፊት አያትየውን አቁሞ "እስቲ ያን ጊዜ ይንገሩን" ማለት ልጆቹ ከየትኛውም ጽሑፍ የማያገኙትን ያሰማቸዋል። ኔልሰን ማንዴላ በ1962 አዲስ አበባ ኮልፌ ወታደራዊ ሥልጠና ወስደዋል። ቦብ ማርሊ በ1978 ኢትዮጵያን ጎብኝቷል፤ በ2005 ደግሞ 60ኛ የልደት ዓመቱ በመስቀል አደባባይ በታላቅ የሙዚቃ ዝግጅት ሲከበር በቦታው የነበረ አጎት ወይም አክስት የሌለው የአዲስ አበባ ቤተሰብ ጥቂት ነው። የእነዚህ ሰዎች ምስል በሚጎበኙበት ቅርንጫፍ መኖሩን ካረጋገጡ፣ ከመሄድዎ በፊት ለአያት ወይም ለአክስት "ይህን አንተ፣ ያንን አንቺ ታወሪልናለሽ" ብሎ ማከፋፈል ነው።

መራመድ የሚያደክማቸው ከሆነ ደግሞ መንገዱ ረጅም መሆኑን አይርሱ፤ ሁለት ሰዓት ያህል በእግር ነው። ዊልቸር ለሚጠቀም ሰው አስቀድሞ ለሙዚየሙ ማሳወቅ ያስፈልጋል። የሕፃን ጋሪም ሁሉም ቦታ ስለማይገባ ደንቡን ቀድመው ያንብቡ፤ ለንደን ላይ በታክሲ ቅርጽ በተሠሩ ትንንሽ መኪኖች የሚዞሩበት ክፍል አለ፣ ጋሪ ይዘው አይሳፈሩበትም።

ከእያንዳንዱ ምስል ጋር ፎቶ ለመነሳት መሽቀዳደም

ፎቶ መነሳት ክፉ ነገር አይደለም፤ ሰዉ የሚሄደውም አንድም ለዚህ ነው። ችግሩ ከሁሉም ጋር ልነሳ ሲባል ነው። እናት ካሜራ ይዛ ሁለት ሰዓት ሙሉ "ወደዚህ እይ፣ ሳቅ በል" ስትል ትውላለች፤ አንድም ፎቶ ውስጥ እሷ የለችም። ቤት ሳሉ እያንዳንዱ የቤተሰብ አባል ሦስት ወይም አራት ሰው ይምረጥ። ከተመረጡት ጋር ተረጋግቶ መነሳት፣ ፎቶ አንሺውንም መቀያየር ነው። የቀረውን በዓይን ማየት ይበቃል። ሠራተኞቹ የሚያነሱት ፎቶ መውጫው ላይ ለሽያጭ እንደሚቀርብ ይወቁት፤ መነሳት ግን መግዛት ግዴታ አያደርግም። ይህን ለልጆቹ አስቀድሞ መንገር መውጫው ላይ ካለው ክርክር ያድናል።

ምስሎቹን መጎተትና መሳም

በመካከል ገመድ ሳይኖር ከምስሎቹ አጠገብ መቆም መቻሉ እንደ መጫወቻ እንድናያቸው አያደርግም። የባለሙያዎች ቡድን በየጠዋቱ ምስሎቹን እየተመለከተ ፀጉርና ቀለም ያስተካክላል። አንድ ሰው የጎተተው ፀጉር ሌላ ሰው በመርፌ መልሶ የሚተክለው ነው። ልጆቹ የአሠራሩን ታሪክ ሰምተው ከሆነ ይህን ደግሞ ሳይነገራቸው ይረዱታል።

በአንድ ቀን ብዙ ቦታ ማዳረስ

የለንደኑ ማዳም ቱሶ ባለቤት የሆነው ድርጅት የለንደን አይን የሚባለውን ከተማ መመልከቻ ትልቅ መንኮራኩርም ያስተዳድራል፤ ሁለቱንም በአንድ የሚሸጥ ቅናሽ ያለው ትኬት አለ። ዋጋው ጥሩ ነው፤ ሁለቱን በአንድ ቀን መጨረስ ግን ትንንሽ ልጆችና ሽማግሌ ለያዘ ቤተሰብ አይመከርም። ትኬቱን ሲገዙ በተለያየ ቀን መጠቀም የሚፈቅድ መሆኑን ይመልከቱ።

ከሙዚየሙ ወጥቶ ሪጀንትስ ፓርክ በእግር ጥቂት ደቂቃ ነው። ምሳ ከቤት ይዞ መሄድ ከአካባቢው ምግብ ቤቶች ዋጋ ያድናል፤ ትልቅ ሻንጣ ግን አይያዙ፣ መግቢያው ላይ ፍተሻ ስላለ አነስተኛ ቦርሳ ይሻላል። ዝናብ ከሆነ ምሳውን ከመግባት በፊት ቤት በልቶ መውጣትና የከሰዓቱን ትኬት መያዝ ይሻላል።