ለደረጃ እድገት ከመወዳደር በፊት ማህደርን እንዴት ማዘጋጀት ይቻላል

አንድ ዓመት ከሁለት ወር የክፍል ኃላፊ ሥራ ሠርቻለሁ። ማህደሬ ግን ይህን አያውቅም ነበር። ቦታው በውስጥ ማስታወቂያ ሲወጣ ተወዳድሬ ወደቅኩ፤ ያሸነፈው ልጅ ሥራውን ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ የተማርኩትን ልንገራችሁ። የምሠራው ብሔራዊ ቲያትር አካባቢ ያለ የግል ድርጅት ውስጥ ነው፤ የመንግሥት ሠራተኞች ሕጋችሁ ሌላ ነው፣ ዘዴው ግን ያው ነው።

መጀመሪያ ከእናንተ በላይ ያለውን መደብ ተፈላጊ ችሎታ አሁኑኑ ጠይቃችሁ አንብቡ። ማስታወቂያው እስኪለጠፍ አትጠብቁ፤ እኛ ጋ ምዝገባው አምስት የሥራ ቀን ብቻ ነው፣ መስክ የወጣ ሰው ሲመለስ አልፎት ያገኘዋል። የሠራተኛ ማኅበር ካላችሁ ከአሠሪው ጋር የተፈራረመውን የኅብረት ስምምነትም አንብቡ፤ የእድገት ሁኔታ በኅብረት ስምምነት ሊወሰን ይችላል። የሚፈለገው ዲግሪና አራት ዓመት ተዛማጅ ልምድ ከሆነ ሁለተኛ ዲግሪ ለመያዝ መሯሯጥ ገንዘብ መጨረስ ነው። ይህ የእኔ አስተያየት ነው፤ ማስተርስ ያላችሁ አትቀየሙኝ።

ቀጥሎ የግል ማህደራችሁን ማየት ነው። መዝገብ ቤት ያሉትን እትዬን በትህትና ጠይቁ። የእኔ ማህደር ሲከፈት ዝገት የያዘ መርፌ ቁልፍ፣ የቅጥር ደብዳቤ፣ የዓመት ፈቃድ ቅጾች፣ ከዚያም ከስድስት ዓመት በፊት አርፍደሃል ተብዬ የተጻፈብኝ ማስጠንቀቂያ ወጣ። የወሰድኳቸው ሦስት ሥልጠናዎች የምስክር ወረቀት ቤቴ ቁም ሳጥን ውስጥ ነበር። «አንተ ልጅ፣ እዚህ ያለኸው በጥፋትህ ብቻ ነው» አሉኝ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። አለቃ ሲታመም፣ ሲሄድ ወይም ሲዛወር «አንተ ያዘው» ትባላላችሁ። እኔም ተባልኩ፣ ደስ ብሎኝ ያዝኩ። ከኃላፊው ስም ፊት «ለ» እየጻፍኩ ስፈርም ከረምኩ። ደብዳቤ መጠየቅ ሥልጣን ፈላጊ ያስመስለኛል ብዬ አፈርኩ። ከ100 ነጥብ 20ው ለተዛማጅ ልምድ ነበር፤ ኮሚቴው ማህደሬን ገልጦ የውክልና ደብዳቤ ሲያጣ የኃላፊነት ልምዴን ዜሮ ሞላ። ሥራውን እንደሠራሁ ከኮሚቴው አባላት ሁለቱ በዓይናቸው አይተዋል። ግን ምን ያድርጉ፣ የሚሞሉት ወረቀት የሚያየው ወረቀት ብቻ ነው።

ስለዚህ ውክልና በቃል ሲሰጣችሁ በዚያው ሳምንት በጽሑፍ ጠይቁ። ስለ ጥቅማጥቅም ወይም ስለ እድገት ካነሳችሁ በሩ ይዘጋል። እኔ በሁለተኛው ጊዜ ለአለቃዬ ያልኳቸው ይህን ብቻ ነው፦ «ጋሼ፣ እየፈረምኩ ነው፤ ነገ ኦዲት መጥቶ በምን ሥልጣን ፈረመ ቢል እርስዎንም ያስጠይቃል።» በማግስቱ ደብዳቤው ወጣ። ዝም ካሉ ግን እናንተው ጻፉ፦

«ጉዳዩ፦ ውክልና በጽሑፍ እንዲሰጠኝ ስለመጠየቅ። ከጥቅምት 5 ቀን ጀምሮ በቃል በተሰጠኝ ትእዛዝ የክፍሉን ሥራ ደርቤ እየሠራሁ ስለሆነ፣ ውክልናው በደብዳቤ ተገልጾ ከግል ማህደሬ ጋር እንዲያያዝልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።»

በሁለት ቅጂ ይሁን። አንዱን መዝገብ ቤት አስገቡ፣ በሌላው ላይ የገቢ ቁጥርና ቀን አስመትታችሁ ለራሳችሁ ያዙ። በቴሌግራም ልኬላቸዋለሁ የሚል ሰው ይገጥማችኋል፤ ቴሌግራም ማህደር ውስጥ አይገባም። መልሱ ሲወጣም ግርጌው ላይ ግልባጩ ለግል ማህደር መባሉን እዩ። ይህች መስመር ከተረሳች ደብዳቤው የክፍሉ ፋይል ውስጥ ተቀብሮ ይቀራል።

መያያዙን እንዴት ታውቃላችሁ? በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ሠራተኛ ሥራ ሲለቅ ብቻ ሳይሆን በማንኛውም ጊዜ ሲጠይቅ የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን የሚገልጽ ማስረጃ በነፃ ይሰጠዋል። ሰው ኃብት ይህን የሚጽፈው ማህደሩን ገልጦ ስለሆነ፣ በዓመት አንድ ጊዜ መጠየቅ ማህደሩን ከመፈተሽ አይለይም። ውክልናው ካልተጠቀሰ አልተያያዘም ማለት ነው። ሊለቅ ነው ብለው ያሙኛል ካላችሁ፣ ለባንክ ብድር ነው በሉ፤ እኔ እንደዚያ ብያለሁ።

የሥራ አፈጻጸም ምዘና ላይ ብዙ አልልም። ሰኔ 30 የበጀት ዓመቱ ሲዘጋ ሁሉም ተጣድፎ ይሞላል፣ አለቃ የሚያስታውሰውም የግንቦትን ሥራ ነው። የሠራችሁትን በየወሩ ደብተር ላይ ከነቀኑ ያዙና ከመሞላቱ በፊት አንድ ገጽ አድርጋችሁ ስጡ። ያላመናችሁበትን ውጤት አትፈርሙ፤ ከፈረማችሁም አስተያየት በሚለው ቦታ ቅሬታችሁን ጻፉ።

ማስታወቂያው ሲለጠፍ በስልክ ፎቶ አንሱት፣ ተመዝገቡ፣ ለቃለ መጠይቁ ተዘጋጁ። ካላለፋችሁ የነጥባችሁን ዝርዝር በጽሑፍ ጠይቁ፤ የቅሬታ ቀን ገደቡም አጭር ነው። እኔ ያኔ ተናድጄ ሁለት ሳምንት ፈቃድ ወጣሁ። ስመለስ ቅሬታ ማቅረቢያው ካለፈ አራተኛ ቀኑ ነበር።