ቦርጭ ለመቀነስ ሩጫ ወይስ ክብደት ማንሳት?

አዲስ አበባ ውስጥ የአካል ብቃት አሰልጣኝ ነኝ፤ አብዛኞቹ ሠልጣኞቼ ዕድሜያቸው ከአርባ ያለፈ ሴቶች ናቸው። ገና ጫማቸውን ሳያጠብቁ የሚጠይቁኝ ይህንኑ ነው። መልሴን አስቀድሜ ልናገር፦ የሚዛኑን ቁጥር ቶሎ የሚያወርደው ሩጫና ፈጣን እርምጃ ነው፤ የሚወርደው ስብ እንጂ ጡንቻ እንዳይሆን የሚጠብቀው ግን ክብደት ማንሳት ነው።

70 ኪሎ የሚመዝን ሰው ለግማሽ ሰዓት ሶምሶማ ቢሮጥ ወደ 300 ካሎሪ ያቃጥላል። በዚያው ጊዜ ክብደት ቢያነሳ የሚያቃጥለው የዚያን ግማሽ ያህል ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ የዱክ ዩኒቨርሲቲ ጥናትም ለስምንት ወራት እንደ ሩጫ ያለ የልብና የሳንባ እንቅስቃሴ የሠሩ ሰዎች፣ ክብደት ብቻ ካነሱት የበለጠ ስብ መቀነሳቸውን አሳይቷል። «ጡንቻ ካለ ተኝተውም ስብ ይቃጠላል» የሚለው ወሬ እጅግ የተጋነነ ነው፤ አንድ ኪሎ ጡንቻ ያለ ሥራ በቀን የሚያቃጥለው 13 ካሎሪ ገደማ ብቻ ነው።

ታዲያ ክብደት ያንሱ የምለው ለምንድን ነው? ውፍረት መቀነስ የሚፈልግ ሰው ምግብም ስለሚቀንስ ነው። ምግብ ሲያንስ ሰውነት ስቡን ብቻ አይነካም፤ ጡንቻንም ይወስዳል። ከአርባ በኋላ ደግሞ ጡንቻ ያለዚያም እየሳሳ ይሄዳል። አንዲት የባንክ ሠራተኛ በቀን አንድ ጊዜ እየበላች በየማለዳው ትሮጥ ነበር። ኪሎዋ ወርዷል፤ ነገር ግን የኮንዶሚኒየሙን ደረጃ ስትወጣ እግሯ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሩጫውን በግማሽ ቀንሰን ክብደት ጀመርን። ሚዛኑ ለሳምንታት አልነቃነቅ ሲል ቀሚሷ ግን ወገቧ ላይ ሰፋት። ስለዚህ ሚዛን ላይ ብቻ አይቁሙ፤ በየሁለት ሳምንቱ ማለዳ፣ ከቁርስ በፊት፣ ወገብዎን በእምብርትዎ ትክክል በሜትር ይለኩ።

ምርጫው እንዲህ ነው። ዕድሜዎ ከአርባ በታች ከሆነ፣ ጉልበትዎን የማያምዎት ከሆነና በደንብ የሚበሉ ከሆነ፣ በሳምንት ሦስት ቀን ሩጫ፣ ሁለት ቀን ክብደት። ከአርባ ካለፉ ወይም ምግብ ከቀነሱ ክብደቱን ሦስት ቀን ያድርጉት፤ በቀሩት ቀናት ለመናገር እንጂ ለመዝፈን በማያስችል ፍጥነት ይራመዱ። ኪሎዎ በጣም ከፍ ያለ ከሆነ ወይም ጉልበትዎን ካመመዎት ሩጫውን ለጊዜው ይተዉትና ዳገት በእግር ይውጡ። የስኳር ወይም የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ግን ከሁሉ በፊት ሐኪማቸውን ያማክሩ። የዓለም ጤና ድርጅትም ቢሆን አንዱን መርጦ ሌላውን አልተወም፤ በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴና ሁለት ቀን የጡንቻ ሥራ ይመክራል።

ክብደት ለማንሳት ጂም መግባት ግዴታ አይደለም። ባለ 5 ሊትር ጀሪካን ውሃ ሲሞላ 5 ኪሎ ይመዝናል፤ ሁለት ይበቃዎታል። ወንበር ላይ ቁጭ ብድግ ይበሉ። ቀጥሎ ግድግዳ ተደግፈው፣ ሲጠነክሩ ጠረጴዛ ተደግፈው፣ ፑሽ አፕ ይሥሩ። ከዚያ ጀርባዎን ቀጥ አድርገው ከወገብዎ ጎንበስ ይበሉና ጀሪካኖቹን ወደ ጎድንዎ ይሳቡ። በመጨረሻ ከመሬት አንሥተዋቸው ቀጥ ብለው ይቁሙ። እያንዳንዱን ከ8 እስከ 12 ጊዜ፣ ሦስት ዙር። በየዙሩ የመጨረሻዎቹ ሁለት ድግግሞሾች ካልከበዱ ክብደቱ አንሷል ማለት ነው። ሲያነሱ ትንፋሽዎን ያውጡ፤ ትንፋሽ አምቆ ማንሳት የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል። «እንደ ወንድ እደነድናለሁ» የሚል ስጋት ያላቸው ሴቶች ይህን ፍርሃት ይተዉት፤ የሴት ሰውነት ለዚያ የሚያበቃ ቴስቶስትሮን (ጡንቻን የሚያሳድገው ሆርሞን) የለውም።

ጾም ላይ የሚሰጠኝ ጥያቄ ብዙ ነው፤ ዐቢይ ጾም ብቻውን 55 ቀን ነውና ሥልጠናን አቋርጦ መጠበቅ አይቻልም። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾሙ ከሆነ ክብደቱን ማለዳ አያንሱ፤ ቀኑን ሙሉ ያለ ውሃና ያለ ምግብ ይውላሉና። ከመፍታትዎ በፊት ባለው ሰዓት ይሥሩ፤ ማዕዱ ወዲያው ይከተላል። ማዞር ከመጣ ያቁሙ። ጡንቻን ለማቆየት በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎዎ ከ1.2 እስከ 1.6 ግራም ፕሮቲን ያስፈልጋል። ሥጋና እንቁላል በሌለበት ይህን የሚሞላው ምስር፣ ሽሮ፣ ባቄላና አተር ነው፤ ስለዚህ ወጡን ያብዙ፣ እንጀራውን ይቀንሱ።

ወጡን ያብዙ ስል ግን ዘይቱን አይደለም። ሁለት የሾርባ ማንኪያ ዘይት 240 ካሎሪ ያህል አለው፤ የዚያን የግማሽ ሰዓት ሶምሶማ አብዛኛውን ድካም ይበላዋል። ዘይቱን ከጠርሙሱ ወደ ድስቱ አያንቆርቁሩ፤ በማንኪያ ይለኩ። ሽንኩርቱን መጀመሪያ ያለ ዘይት፣ ጠብ ጠብ እያደረጉ በውሃ ያቁላሉት፤ ዘይቱ በኋላ ይግባ።