በባንክ ያለው ብር ሁሉ የእርስዎ አይደለም፦ የአነስተኛ ድርጅት ሥራ አስኪያጆች የሚሠሯቸው ስህተቶች

የትናንሽ ድርጅቶችን ሒሳብ ስሠራ ብዙ ጊዜ የሚገጥመኝ ሥራ የጠፋበት ሳይሆን ሥራ የሞላለት ሰው ነው። ደንበኛ አለው፤ ይሸጣል፤ ደመወዝ መክፈያው ሲደርስ ግን ብድር ፍለጋ ይሯሯጣል።

አብዛኛውን ጊዜ የሚያሳስተው በስልኩ የሚያየው የባንክ ቀሪ ሒሳብ ነው። ለተጨማሪ እሴት ታክስ የተመዘገበ ድርጅት የ100,000 ብር ዕቃ ሲሸጥ 115,000 ብር ይቀበላል። 15,000ው የአደራ ገንዘብ ነው፤ ለግዢ የከፈለው ታክስ በሕጋዊ ደረሰኝ ከተቀነሰለት በኋላ የቀረውን ለመንግሥት ያስረክባል። ጡረታም እንደዚያው ነው። ከ10,000 ብር ደመወዝ 7 በመቶ ከሠራተኛው ተቆርጦ፣ 11 በመቶ ከድርጅቱ ተጨምሮ፣ 1,800 ብር ገቢ ይደረጋል። ይህን ገንዘብ ለዕቃ መግዣ ያዋለ ሰው ወለድ የሌለው ብድር ያገኘ ይመስለዋል፤ ቅጣቱ እስኪመጣ ድረስ። ሌላ የባንክ ሒሳብ ከፍተው ገንዘቡ በገባ ዕለት የአደራውን ድርሻ ወደዚያ ያዛውሩ። እኔ ከዚህ የተሻለ መላ አላገኘሁም።

ዱቤ ይህንኑ ችግር ያባብሰዋል። ደረሰኙ ከተቆረጠ ታክሱ ይፈለጋል፤ ገዢው ከሦስት ወር በኋላ ቢከፍልም ከኪስዎ አውጥተው የሚከፍሉት እርስዎ ነዎት። ትልቅ ደንበኛ ሲመጣ ደስታው ዓይን ይጋርዳልና፣ ከመፈራረምዎ በፊት ቅድሚያ ክፍያ ይጠይቁ።

ሌላው ዋጋን ዕቃው በተገዛበት ሒሳብ መተመን ነው። ሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ ብዙ ነጋዴ የተማረው በዚህ ነው። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በአሮጌው ምንዛሪ 10 ዶላር፣ ማለትም 570 ብር፣ የወጣበትን መለዋወጫ በ800 ብር የሸጠ ሰው 230 ብር ያተረፈ መስሎታል። መልሶ ለመግዛት ግን ከ1,000 ብር በላይ ያስፈልገዋል። መዝገቡ ግን ትርፍ ስለሚል፣ ከዚያችው 230 ብር ላይ የንግድ ትርፍ ግብር ይጠየቅበታል፤ ድርጅቱ ማኅበር ከሆነ 30 በመቶ። ስለዚህ ከመሸጥዎ በፊት የነገውን መግዣ ዋጋ ይጠይቁ።

የድርጅትን ኪስ ከራስ ኪስ መደባለቅ ሁሉም የሚያውቀው፣ ሁሉም የሚሠራው ስህተት ነው። «ባለቤቱ እኔ፣ ከማን ልሰርቅ?» ያለኝ ሰው አለ። በ2013 የወጣው የንግድ ሕግ አንድ ሰው ብቻውን ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር እንዲያቋቁም ፈቅዷል፤ ያኔም ቢሆን ማኅበሩ በሕግ ፊት ከባለቤቱ የተለየ ሰው ነው። ለራስዎ ደመወዝ ይቁረጡ፤ ግብሩን ይክፈሉበት፤ በወጪነት ይያዝልዎታል። ለልጅ ትምህርት ቤት ከድርጅቱ ካዝና የተነሣ ብር ግን በወጪነት አይያዝም።

የመጨረሻው የደረሰኝ ነገር ነው። የበጀት ዓመታቸው ሰኔ 30 የሚዘጋ የደረጃ «ሀ» ግብር ከፋዮች (ማኅበራትና ሽያጫቸው ከፍ ያለ ነጋዴዎች) እስከ ጥቅምት 30 ግብራቸውን ያሳውቃሉ፤ ብዙዎችም መስከረም ከጠባ በኋላ ደረሰኛቸውን በፌስታል ተሸክመው ይመጣሉ። የካሽ ሬጂስተር ወረቀት ሙቀትና ፀሐይ ሲያገኘው ይደበዝዛል። በጥር የተገዛ ዕቃ ደረሰኝ በጥቅምት ነጭ ወረቀት ሆኖ አይቻለሁ። በዕለቱ ፎቶ ኮፒ አንስተው ከዋናው ጋር ያያይዙት።