ጠዋት ጠዋት እግሩ ለሚደርቅ ትልቅ ውሻ

ትልቅ ውሻ ያላችሁ፣ በተለይ 7 ዓመት ገደማ የሞላው፣ ይቺን ልንገራችሁ። የኛ ጀርመን ሸፐርድ ክረምት ሲገባ ከተኛበት ለመነሳት ይቸገር ጀመር። የኋላ እግሩ ደርቆ ትንሽ ያነክሳል፣ ሲራመድ ሲራመድ ደግሞ ይለቀዋል።

በጣም የጠቀመው መኝታው መቀየሩ ነው። ግቢያችን እንደ አብዛኛው የስድስት ኪሎ ግቢ ሲሚንቶ ነው፣ ሌሊቱን ሙሉ ብርዱና እርጥበቱ ከሥር ይገባዋል፤ ስለዚህ ከመሬት ከፍ ያለ ጣውላ ላይ ወፍራም ስፖንጅ አነጠፍንለት፣ ዝናብ እንዳይነካውም በላስቲክ ሸፈንነው። ጠዋት ደግሞ በሃይላንድ ለብ ያለ ውሃ ሞልታችሁ፣ በፎጣ ጠቅልላችሁ ዳሌው ላይ 10 ደቂቃ ያዙለት። ደስ ይለዋል!

እሁድን ጠብቆ ወደ ሽሮ ሜዳ ዳገቱን ማስሮጥ ይቅር። በየቀኑ ጠዋትና ማታ 15 ደቂቃ፣ ሜዳ ሜዳውን ቀስ ብሎ መሄድ ይሻለዋል። ክብደቱንም እዩለት፤ ጎኑን ስትዳስሱ የጎድን አጥንቱ በቀላሉ ካልተሰማችሁ ወፍሯል ማለት ነው፣ ያ ሁሉ ክብደት መገጣጠሚያው ላይ ነው የሚያርፈው። ፍርፋሪና ጮማ ቀንሱለት።

አደራ፣ አሳዘነኝ ብላችሁ የሰው ማስታገሻ እንዳትሰጡት። ኢቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ጨጓራውን ሊያደሙ፣ ኩላሊቱንም ሊጎዱ ይችላሉ። እግሩን ጭራሽ ካላስረገጠው ወይም ካበጠ ግን ሳትውሉ ሳታድሩ የእንስሳት ሐኪም ጋ ውሰዱት።